ለላስታ እንግዳ፤ ከሙጃ ደጋ እስከ ሮሐ ውቅር

አንድን አገር ለማየት የተነሣ ሰው፣ አስቀድሞ ዝናውን በሰማው በአንድ ነገር ብቻ ልቡ ተይዞ በቀጥታ ወደዚያው የገሠገሠ እንደ ሆነ፣ ዝናው የተወለደበትን ምድር፣ ዝናውን ጠብቀው ያቆዩትን ሰዎችና በዝናው ጥላ ሥር ተሸፍነው የቀሩትን ሌሎች ድንቆች ሳያይ ይመለሳልና፣ መንገዱ ምንም ቢቃናለት ዕውቀቱ ጎደሎ ይሆናል። ወደ ላሊበላ የሚመጣው እንግዳ፣ የባሕር ማዶ ሰውም ይሁን የአገር ልጅ፣ ዘወትር የሚያጋጥመው ይኸው ነው፤ ጧት ከአውሮፕላን ወርዶ፣ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በችኮላ ዞሮ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ በማግሥቱ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ግን ላሊበላን ከነአገሩ፣ ማለት ከላስታና ከግዳን ደጋ ጋር አያይዞ፣ በዝግታና በማስተዋል ለማየት ለሚወድ ሰው ነው።

ወደ ላሊበላ ከሚያደርሱት መንገዶች ፈጣኙ የአየሩ ነው፤ የአውሮፕላኑ ማረፊያ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመኪና ለሚመጣ ሰው የተለመደው መንገድ ከወልድያ ተነሥቶ ጋሸና ከደረሰ በኋላ ወደ ሰሜን ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ነው። ከዚህ ሌላ ግን ከወልድያ በድልብ በኩል ደጋውን ወጥቶ፣ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ሙጃን አልፎ፣ በኩልመስክ አድርጎ ወደ ላሊበላ የሚወርድ መንገድ አለ፤ አገር ለማየት የመጣ ሰው ቢመርጥ የሚበጀው ይህንኑ ነው። ሙጃ ራሷ ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነገር የሌላት፣ ብርዷ የበረታ፣ ዙሪያዋን የገብስ ማሳና የበግ መሰማሪያ የከበባት የደጋ ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ላስታን ያሳደገው ሕይወት ምን ዓይነት እንደ ነበረ የምታስረዳው እርሷ ናት። ገበሬው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ለብሶ በማለዳ በሬዎቹን ሲነዳ፣ እናቶች ማድጋቸውን አዝለው ገደሉን ሲወርዱና ሲወጡ ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ የድንጋይ ሥራ በምን ዓይነት ጉልበትና ትዕግሥት እንደ ተፈጸመ ለመገመት መንገድ ያገኛል።

ከኩልመስክ ወዲህ እንግዳውን አስቀድማ የምትቀበለው ገነተ ማርያም ናት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍላ የወጣች ስትሆን፣ ዙሪያዋን በአራት ማዕዘን ዐምዶች የተደገፈ ጣራ አላት፤ የተሠራችውም የዛጔ መንግሥት አልፎ እ.ኤ.አ. በ1270 የነገሠው የዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ነው ይባላል። በውስጧ የሚታዩት የግድግዳ ሥዕላት፣ የንጉሡ የራሱ ምስል ጭምር፣ ከኢትዮጵያ ጥንታውያን ሥዕሎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ ከዚህች ደብር የጀመረ ሰው፣ መንግሥት ከአንዱ ነገድ ወደ ሌላው ቢያልፍም የመፈልፈሉ ጥበብ ከላስታ ምድር እንዳልጠፋ በዓይኑ ይረዳል።

የቀድሞው ስሟ ሮሐ የሆነው የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአሸተን ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ዛሬ የምትጠራበትን ስም ያገኘችው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከቅዱስ ላሊበላ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ንጉሡ በራእይ ያየውን የሰማያዊት ኢየሩሳሌምን አምሳል በምድር ላይ እንዲያቆም ታዝዞ ሥራውን ጀመረ፤ ቀን ሰዎች የፈለፈሉትን ሌሊት መላእክት እያገዙ ፈጸሙለት። የታሪክና የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት በበኩላቸው፣ ከነዚህም ዴቪድ ፊሊፕሰን አንዱ ነው፣ ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን የተሠሩ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ቀድሞ ለቤተ መንግሥትና ለምሽግ ተፈልፍለው በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት የተለወጡ ይመስላሉ ይላሉ። ምእመኑ ገድሉን፣ ተመራማሪው መዶሻና መሮ የተዉትን ምልክት ይዞ ይከራከር እንጂ፣ ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ሥራው ዓለም ደግሞ ያላየው ሥራ መሆኑ ነው።

የሥራው አደራረግ ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ሌላው ሐናፂ ከመሠረት ተነሥቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ይወጣል፤ የላስታው ሐናፂ ግን ከጣራው ጀምሮ እየቀነሰ ወረደ። አስቀድሞ በቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ መካከሉን ትልቅ ቋጥኝ አድርጎ ለየ፤ ከዚያም ያን ቋጥኝ ከውጭ እየጠረበ፣ በመስኮትና በበር ገብቶ ውስጡን እየቦረቦረ፣ ዐምዱን፣ ቅስቱን፣ መቅደሱንና ቅኔ ማኅሌቱን ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ድንጋይ አወጣ። በግንብ ሥራ የተሳሳተ ድንጋይ ተነቅሎ ሌላ ይተካል፤ እዚህ ግን አንድ ጊዜ የተመታ ተመልሶ አይገጠምምና፣ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳብ ተጠናቅቆ ያለቀ ነበር ማለት ነው። ደግሞም የክረምቱ ዝናብ ጉድጓዱን እንዳያጥለቀልቀው ጣራውና ዐፀዱ በመጠኑ እንዲያዘቅዝቅ፣ ውኃው የሚወጣበት ቦይም እንዲኖር ተደርጓል፤ እንግዳው ዓይኑን ከጌጡ አንሥቶ ወደ እግሩ ቢመልስ ይህን የምሕንድስና ብልኀት ያገኛል።

አብያተ ክርስቲያናቱ ዮርዳኖስ በሚባለው ወንዝ በሁለት ወገን ተከፍለው ይገኛሉ፤ ቤተ ጊዮርጊስ ብቻ ለብቻው ተነጥሎ ቆሟል። በሰሜኑ ወገን ከሁሉ የሚገዝፈው ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር ከግማሽ ያህል፣ ወርዱ ወደ 24 ሜትር፣ ቁመቱ ከ11 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ከአንድ ድንጋይ ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በዓለም ላይ ትልቁ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። የዙሪያው ዐምዶች የጥንቷን የአክሱም ጽዮንን አሠራር ያስታውሳሉ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በውስጡም ለአብርሃም፣ ለይስሐቅና ለያዕቆብ ምሳሌ የተዘጋጁ ሦስት ባዶ መቃብሮች ይታያሉ። ከዚያ አጠገብ ያለችው ቤተ ማርያም በመጠን ታንሳለች፤ በጌጥ ግን ትበልጣለች። ጣራዋና ቅስቶቿ በሐረግ፣ በመስቀልና በአራዊት ሥዕል የተሞሉ ናቸው፤ በመካከሏም ዘወትር በመጋረጃ ተሸፍኖ የሚኖር ዐምድ አለ፤ በላዩ ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ተጽፎበታል የሚል ትውፊት ስላለ ገልጦ የሚያየው የለም። ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል ከዚሁ ዐፀድ ግድግዳ የተፈለፈሉ ናቸው። ከነርሱ ቀጥሎ ያሉት ቤተ ጎልጎታና ቤተ ሚካኤል ሲሆኑ፣ በጎልጎታ በሰው ቁመት ልክ የተቀረጹ የቅዱሳን ምስሎች ይታያሉ፤ የቅዱስ ላሊበላም መቃብር በዚያው ነው ይባላል። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች እንደማይገቡ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

በምሥራቁ ወገን ያሉት ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም ናቸው። ከነዚህ ቤተ አማኑኤል የአክሱምን የግንብ ጥበብ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የሚነባበርበትን ሥርዓት፣ በአንድ ድንጋይ ላይ በቅርጽ አስመስሎ ያሳየ ስለሆነ የሕንፃ ተማሪ ሁሉ ቆሞ ሊያየው ይገባል። ቤተ አባ ሊባኖስ በአራት ወገን ከተራራው ተለይቶ በጣራው ብቻ የተያያዘ ነው፤ ንግሥት መስቀል ክብራ ለባሏ መታሰቢያ በመላእክት ረድኤት በአንድ ሌሊት አሠራችው ይባላል። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ አቅጣጫ የሚወስደው መንገድ ብርሃን የማያገኝ የምድር ውስጥ ዋሻ ስለሆነ የሲኦል ምሳሌ ይባላል። አስጎብኚዎች መብራት አጥፍታችሁ እጃችሁን በግድግዳው ላይ እያሳረፋችሁ እለፉ ይላሉ፤ ወጥቶ ብርሃን ያየ ሰውም ምሳሌው ምን እንደ ሆነ ያለ ስብከት ይገባዋል።

ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ ማቆየት ጥሩ ነው። ከሩቅ ምንም የማይታይ ሜዳ መስሎ፣ ሲጠጉት ግን ምድር ተከፍታ በመካከሏ በመስቀል ቅርጽ የቆመ ቤተ መቅደስ ይታያል፤ በጣራው ላይም ሦስት መስቀሎች አንዱ በሌላው ውስጥ ተቀርጸዋል። በገድሉ እንደሚባለው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለእርሱ ቤት ባለመሠራቱ ቅር ተሰኝቶ በነጭ ፈረስ መጥቶ ንጉሡን ቢጠይቀው፣ ከሁሉ ያማረውን ሠራለት፤ በመግቢያው ድንጋይ ላይም የፈረሱ ኮቴ ነው እየተባለ የሚታይ ምልክት አለ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ዞሮ ካየ በኋላ፣ የጻፈውን አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ሰጋ እውነተኛነቱን በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደረሰ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1540 በሊዝቦን ታተመ።

ይህን ሁሉ ግን እንደ ቤተ መዘክር አድርጎ የሚያይ ሰው ትልቁን ነገር ያጣል፤ ላሊበላ ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስበት፣ ማኅሌት የሚቆምበት ሕያው ደብር ነውና። በዕለተ ሰንበት ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ ወደ ዐፀዱ የወረደ እንግዳ፣ ነጭ ለብሰው በግድግዳው ሥር የተደገፉ ምእመናንን፣ መቋሚያ ይዘው የሚያዜሙ መዘምራንን፣ ከበሮና ጽናጽል የሚያስተጋባውን ድንጋይ ያገኛል፤ ያን ጊዜ ሕንፃው ለምን እንደዚህ ተሠራ ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከበዓላቱ ሁሉ የሚልቀው የጌታ ልደትና የቅዱስ ላሊበላ ልደት አንድ ላይ የሚከበርበት ታኅሣሥ 29 ነው። በዚያ ዕለት ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው ገደል አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹ ታች በዐፀዱ ቆመው ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ በመቀባበል ያሸበሽባሉ፤ ከሩቅ አገር በእግሩ ቀናት የተጓዘው ምእመንም ከተማውን ይሞላዋል። በነሐሴ ወር አጋማሽ የመጣ ሰው ደግሞ ልጃገረዶች አሸንድዬ የተባለውን ለምለም ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ጥልፍ ለብሰውና ሹሩባ ተሠርተው ከበሮ እየመቱ የሚጫወቱበትን በዓል ያያል።

ከከተማው ውጭ ያሉት አድባራት ሌላ ምዕራፍ ናቸው። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ገዳም በዋሻ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ ከዋሻው ጣራ ሳያቋርጥ የሚንጠባጠበው ውኃ በተቦረቦሩ ጥንታውያን ድንጋዮች ተጠራቅሞ ለጠበል ይሰጣል። ከከተማው በላይ ወደ 3,150 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን አሸተን ማርያምን ለማየት በእግር ወይም በበቅሎ መውጣት ያሻል፤ ድካሙን ግን የካህናቱ አቀባበልና ከላይ የሚታየው የላስታ ሸለቆ ይክሰዋል። ወደ ሰሜን ሲኬድ ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ ይገኛሉ፤ በብልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ የሚኖሩት ንቦች ማር እንደ በረከት ይቆጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ከላሊበላ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ይምርሐነ ክርስቶስን ሳያይ የተመለሰ ሰው የላስታን ታሪክ ከመካከሉ ጀምሮ እንዳነበበ ይቆጠር። ስፍራው በስሙ የሚጠራለት ይምርሐነ ክርስቶስ ንጉሥም ካህንም ሆኖ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑም የተፈለፈለ ሳይሆን በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ጥቁር እንጨትና በኖራ የነጣ ድንጋይ እየተፈራረቀ ተነባብሮ ተሠርቷል፤ የውስጥ ጣራው በቅርጽና በሥዕል ያጌጠ ነው። ቤተ አማኑኤል በድንጋይ ላይ ያስመሰለው ጥበብ እዚህ በእውነተኛው እንጨትና ድንጋይ ይታያል። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ በዋሻው ጨለማ ውስጥ የብዙ ሰዎች ዐፅምና ደርቆ የቀረ በድን ተከማችቶ ይገኛል፤ ትውፊቱ ከኢየሩሳሌም፣ ከግብፅና ከሶርያ መጥተው በዚያ ለማረፍ የመረጡ መናንያን ናቸው ይላል።

ከአድባራቱ በላይ ደግሞ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ አለ። ከፍታው 4,260 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የላስታና የግዳን ደጋዎች ሁሉ ከእርሱ ዙሪያ የተዘረጉ ናቸው። በላዩ ጅብራ፣ አስታና ጓሳ ይበቅላል፤ የጭላዳ መንጋ በገደሉ አፋፍ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ዕድል የቀናው ሰውም በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ያያል። ተራራውን ለመጠበቅ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ስምምነት ተደርጎ የኅብረተሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል፤ በመቄት በኩልም ገበሬዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ተሠርተው ከመንደር መንደር በእግር መጓዝ ተለምዷል። በእንዲህ ያለው ጉዞ እንግዳው የሚከፍለው ገንዘብ ከከተማው ሆቴል አልፎ ገብስ ከሚዘራው ሰው ቤት ይደርሳል።

በከተማው ውስጥ ቅዳሜ የዋለ ሰው ገበያውን አይለፍ፤ ከየደጋውና ከየቆላው የወረደው እህል፣ ጨው፣ በግና የላስታ ነጭ ማር በአንድ ሜዳ ይገናኛልና። ከቀዩ ድንጋይ የተሠሩትን፣ ጣራቸው በሣር የተከደነውን፣ አንዳንዶቹም ባለ ፎቅ የሆኑትን የላስታ ክብ ቤቶችም ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ማታ ከጠጅ ቤት ገብቶ የአዝማሪን ማሲንቆ መስማት የሚወድ ቢኖር፣ ግጥሙ በራሱ ላይ እንደሚወርድ ዐውቆ ይግባ።

ስለ ጉብኝት ሥርዓት ከሌሎች የምንማረው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ በመገኘቱ የተቆረቆረችው ጆሃንስበርግ፣ ዕድሜዋ 140 ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ያሳለፈችውን መከራ ሳይቀር ለእንግዳ በሥርዓት ታስረዳለች። ጋንዲና ማንዴላ የታሰሩበት የድሮው ወህኒ ቤት ግቢ ዛሬ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የሚያስችልበት ስፍራ ሆኖ ይጎበኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የአፓርታይድ ቤተ መዘክር የዘር መድልዎን ታሪክ ከመግቢያው በር ጀምሮ ያስረዳል፤ በሶዌቶ የሚገኘው የቪላካዚ ጎዳናም የማንዴላና የሊቀ ጳጳስ ቱቱ ቤቶች ያሉበት በመሆኑ እንግዳ አይለየውም።  ከተማዪቱ ለእንግዳዋ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው የሚያደርስ የታሪክ ክር ትሰጠዋለች፤ እኛ ግን ስምንት መቶ ዓመት ያለፈውን ቅርስ ይዘን፣ ይምርሐነ ክርስቶስን ከቤተ አማኑኤል፣ ቤተ አማኑኤልን ከገነተ ማርያም ጋር አያይዞ የሚያስረዳ መንገድ ገና በሚገባ አላዘጋጀንም።

ቅርሱ እንዳለ ይኖራል ብሎ መዘናጋትም አይገባም። ዩኔስኮ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከስሜን ተራሮች ጋር ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ነበሩ። ጣልያናዊው የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ጥገና አድርጓል፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከሉት ትላልቅ መጠለያዎች ግን ዝናቡን ቢከላከሉም ክብደታቸውና መልካቸው ሕዝቡን ሲያሳስብ ኖሯል። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ስፍራውን ጎብኝተው አገራቸው በጥበቃው እንደምትረዳ ቃል ገብተዋል። አፍሮ አይገባ የተባለው የቤተ መድኃኔ ዓለም መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከአገር ወጥቶ ከዓመታት በኋላ መመለሱም የሚረሳ አይደለም። ከዚያም የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወደ ከተማው የደረሰው ጦርነትና ከዚያ ወዲህ የቀጠለው ያለመረጋጋት እንግዳን አስቀርቶ፣ በእንግዳ የሚኖረውን አስጎብኚ፣ በቅሎ ጫኝ፣ ጫማ ጠባቂና ባለ ሆቴል ለችግር ዳርጎታል።

ስለዚህ ወደ ላስታ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የመንገዱንና የአገሩን ሰላም ይጠይቅ፤ ከተሳካለትም ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን ይመድብ። አንዱን ቀን ለሰሜኑ ወገን፣ ሌላውን ለምሥራቁ ወገንና ለቤተ ጊዮርጊስ፣ ሦስተኛውን ለይምርሐነ ክርስቶስ፣ አራተኛውን ለአሸተንና ለነአኩቶ ለአብ ያውል፤ መመለሻውንም በገነተ ማርያም፣ በኩልመስክና በሙጃ በኩል ያድርገው። ለብርዱ ጋቢ፣ ለዋሻው የእጅ ባትሪ፣ ለድንጋዩ ጠንካራ ጫማ ይያዝ፤ በደጀ ሰላሙ ጫማውን ያውልቅ፣ በቅዳሴ ሰዓት ፎቶግራፍ ከማንሣት ይቆጠብ። የአገሩ አስተዳደር፣ ቤተ ክህነትና የአስጎብኚዎች ማኅበራት ደግሞ ከላሊበላ ውጭ ያሉትን አድባራት የሚያገናኝ አንድ የታወቀ የጉብኝት መንገድ በጋራ ቢያዘጋጁ፣ እንግዳው የተሟላ ዕውቀት፣ የደጋው ገበሬም የቅርሱን ፍሬ ያገኛል። የአገራችን አንባቢ ሆይ፣ የባሕር ማዶው ሰው እስኪመለስ አትጠብቅ፤ ሰላሙ ሲፈቅድልህ ልጆችህን ይዘህ ሂድ፣ ቸኩለህም አትመለስ።